በቃ የምትለው

ቢቸና ላይ የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ድረስ ይቆረጥማል፤
ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ፣ ጉልበቱን አቅፎ ይተኛል።
እኔ ግን በሩን ከፍቼ፣ ነጠላዬን አሽቀንጥሬ፣
እንደ ምድጃ እነዳለሁ ከደረቴ እስከ ግንባሬ።
ገደፋው «ምን ሆንሽ?» ይላል፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፤
«ማረጥ ነው» ስለው ዝም ይላል፣
በስሕተት እንደ ሰማ ሰው የጎረቤት ምሥጢር።

ጠዋት መዝገብ ቤት ገብቼ የተማሪ ውጤት ስገለብጥ፣
ላቤ ጠብ ይላል፤ የአንዱ ልጅ ስም በላቤ ሲቀልጥ
አያለሁ። ደግሜ እጽፈዋለሁ።

እኅቴ አንጓች ሰማችና ከደጀን ድረስ መጣች፤
በዕጢ ሰበብ ማህፀኗ ወጥቶ ከሞት የተረፈች።
«ይኸው» አለች፣ አንድ ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ፣
«እኔን ያሳረፈኝ ክኒን፤ አንድ አንድ ዋጪ ማታ ማታ።»
ኢስትሮጅን ይላል ስሙ።
ዋጥኩ። ወር ሳይሞላ እሳቱ ረመጥ፣ ረመጡም አመድ ሆነ፤
ክረምቱን እንደ ሕፃን ተኛሁ፣ ፊቴ ወዛ፣ ልቤ ዳነ።

መስከረም ሲጠባ፣ ደም።
«አበባሽ ተመለሰ!» አለች የወንድሜ ሚስት ትርንጎ፣
«ልጅነትሽ ነው የመጣ፣ ከአደይ ጋራ አንቺን ፈልጎ።»
ሱቅ ሄጄ ሞዴስ ስጠይቅ ባለሱቁ ቢያድግልኝ፣
«ለልጅዎ ነው?» አለ። «አዎ» አልኩት። ውሸቴ ደስ አለኝ።
በሃምሳ ሦስት ዓመቴ
እንደ ኮረዳ አፍሬ፣ እንደ ኮረዳ ሮጥኩ ወደ ቤቴ።

ግን አልቆም አለ። ሁለት ሳምንት። ሦስት።

ደብረ ማርቆስ፣ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድምጿ አይቸኩልም።
«ማህፀን አለዎት?» አለች። እንዲህም ይጠየቃል?
አለኝ። አራት አሳድሮ የሸኘ።
«ታዲያ ይህ ለእኅትዎ እንጂ ለእርስዎ ብቻውን አይሆንም።
ኢስትሮጅን የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል፤ ተው ካላሉት አይተውም።
ተው የምትለው ፕሮጀስትሮን ናት። እሷ ከሌለች
ውፍረቱ እያደር ሊከፋ ይችላል።»

ግድግዳ ስትል እናቴ መጣችብኝ፤
እግሯ ጭቃ ውስጥ፣ ጭዱን እያቦካች።
እኔና አንጓች እየተሽቀዳደምን ስንለጥፍ፣ ስንለጥፍ፣
አንድ ክንድ ልናደርሰው የግድግዳውን ገጽ ውፍረት፣
«በቃ!» ትል ነበር፣ «ግድግዳ ሲሰባ ይጠባል ቤት።
እጃችሁን አንሡ። ይርጋ።»

ቁራጭ ሥጋ ወስደው ለምርመራ ላኩ። አሥራ ሁለት ቀን።
በአሥራ ሁለቱ ቀን ስንት መዝገብ አበላሸሁ!
ገደፋው ሳይጠየቅ በቅሎዋን ሲያጥብ አየሁት፤
ንጹሕ በቅሎ ደግሞ ሲያጥብ።
ክፉ አልተገኘም አሉ። ወፍሯል ብቻ።

አሁን ሁለት ሆኑ። ሁለተኛዋ እንክብል ለስላሳ፣
የሽምብራ ፍሬ ታክላለች፤ ራስ ታዞራለች፣ ስለዚህ ከአልጋ ዳር ትዋጣለች።
እዚህ አትገኝም። ከባሕር ዳር የሚመጣ የሚኒባስ ሹፌር
በጋዜጣ ጠቅልሎ ያቀብለኛል፣ ምን እንደያዘ ሳያውቅ፤
ዋጋዋን ስሰማ ግን እኔም መራር መራር ልስቅ።

«ይቺኛዋስ ለምንድን ናት?» አለ ገደፋው አንድ ማታ።
«ያችኛዋ ትለጥፋለች፣ ይቺ በቃ ትላለች።»
አሰበ፤ አሰበና፣ «እናትሽን መሰለች» አለ፤
ከዚያ ወዲያ ሰዓቷ ሲደርስ ውኃውን እሱ ያመጣል።

ለአንጓች ደወልኩ፤ እንድታውቅ፣ ለሌላ ሴት እንዳታካፍል።
ጸጥ አለች በስልኩ ውስጥ። የደጀን ነፋስ ብቻ ያፏጫል።
«አንቺስ ቤትሽ ቆሟል» አለች፣ «ጠባቂ ያስፈልገዋል።
እኔ ጋ ምን ቀረና ይጠበቃል?»

እንክብሏን ውጬ ነበር። መልስ ፈለግሁ፣
ምላሴ ከበደኝ፤
«አንጓች» ልላት፣ «አንቺ እኮ» ልላት ስል፣
እንቅልፉ ቀደመኝ።